የቡና መፍጫ ጥርስ ማለቁ በምን ይታወቃል? (ድሬዳዋ)

ጠያቂ፦ የከዚራ እህት

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ አነስተኛ ማኪያቶ ቤት አለችኝ። የምሠራበት የቡና መፍጫ ጣሊያን ሠራሽ፣ ባለ 64 ሚሊሜትር ጠፍጣፋ ጥርስ (ፊት ለፊት ተገጥመው ፍሬውን የሚፈጩት ሁለት ክብ ብረቶች) ሲሆን ከሌላ ነጋዴ ላይ ያገለገለ ሆኖ የገዛሁት ነው። እኔ ዘንድ ከመጣ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ በቀን በአማካይ አንድ ኪሎ ተኩል የሐረር ቡና ይፈጫል።

ችግሩ የጀመረው ከጥቂት ወራት ወዲህ ነው። ቀድሞ ማስተካከያውን አልፎ አልፎ ነካ አድርጌ እተወው ነበር፤ አሁን ግን ወደ ላመው በኩል እያዞርኩ እያዞርኩ መጨረሻው ላይ ልደርስ ምንም አልቀረኝም። ይህም ሆኖ ጠዋት ቡናው በ15 ሰከንድ ውስጥ ቀጥኖ ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማስተካከያው ሳይነካ ጠብ ጠብ እያለ አንድ ደቂቃ ሊሞላ ይቃረባል። ክሬማው ሳስቷል፣ ገርጥቷልም። ከደንበኞቼ አንዳንዶቹ ኮመጠጠ ይሉኛል፣ ሌሎቹ መረረ ይሉኛል፤ ስቀምሰው ሁለቱንም በአንድ ስኒ ውስጥ አገኛቸዋለሁ። ዱቄቱ ሲወጣ ይሞቃል፣ እየጓጎለም ይወርዳል።

መፍጫውን ያየ አንድ ባለሙያ ሞተሩ ስለደከመ መቀየር አለበት አለኝ። ሌላው ደግሞ ጥርሱን አውልቀሽ ቶርኖ ቤት አስሞርጂው አለኝ። ለሞተር ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ልጠይቃችሁ፦ ጥርሱ ማለቁን በገዛ እጄ የማረጋግጥበት መንገድ አለ ወይ? ካለቀስ ይሞረዳል ወይስ ይቀየራል? መቀየሩንስ እኔው ልሠራው እችላለሁ?

መልስ፦ መኪና ግርግር (ሐረር)

እህቴ፣ እኔ ጀጎል ውስጥ የልብስ ስፌት ማሽንና የቡና መፍጫ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። የዘረዘሯቸው ምልክቶች አብዛኞቹ ወደ ጥርሱ የሚያመለክቱ ናቸው፤ ሆኖም አንዱ ምልክት ብቻውን ማስረጃ ስለማይሆን፣ መፍጫውን ከመፍታትዎ በፊት ሳይፈታ ሊጣራ የሚችለውን እናጣራ።

መጀመሪያ የሚጣራው መብራቱ ነው። በእኛ 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ እንዲህ ያለው መፍጫ በደቂቃ 1400 ዙር ገደማ ይዞራል። የዚህ ዓይነት ሞተር ጉልበት የሚቀንሰው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ስለሆነ፣ መብራቱ ከ220 ቮልት ወደ 180 ቢወርድ ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ዝቅ ይላል። ድሬዳዋ ላይ ከሰዓት በኋላ ማራገቢያውም ማቀዝቀዣውም በአንድ ጊዜ ሲሠራ የሰፈሩ መብራት ሊደክም ይችላልና፣ መፍጫው ቡና እየፈጨ ሳለ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሶኬቱን በቴስተር ይለካልዎት። መፍጫው ባዶውን ሲዞር የሚለካው ቁጥር ብዙም አይጠቅምም።

ከዚያ ድምፁን ያዳምጡ። ሞተሩ ለመነሳት የሚያመነታ፣ እያጉረመረመ ቆይቶ የሚነሳ ከሆነ ብዙ ጊዜ የደከመው ካፓሲተሩ ነው፤ እሱም ከሞተር ጋር በማይወዳደር ወጪ ይቀየራል። ባዶውን በንጹህ ድምፅ እየዞረ ፍሬ ሲገባበት ብቻ የሚያቃስት ከሆነ ግን ሞተሩን ያስቸገረው ከላይ ያለው ጥርስ ነው። ሞተር ደክሟል ያለዎት ባለሙያ የሰማው ይህንኑ ማቃሰት ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ቡናውም ሊመረመር ይገባል። ከተቆላ የቆየ ቡና ውሃን በቶሎ ያሳልፋል፤ በእናንተ ሙቀት ደግሞ ቡና ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ በአንድ ቀን ከተቆላ ቡና 7 ግራም እየመዘኑ፣ በአንድ ዓይነት ግፊት እየጠቀጠቁ፣ ማስተካከያውን ሳይነኩ ጥቂት ስኒዎችን በተከታታይ ያውጡ። ደህና የሆነ መፍጫ ከስኒ ስኒ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚለያየው። አንዱ በ15 ሰከንድ፣ ቀጣዩ በ40 ሰከንድ ከወረደ በቡናው ማመካኘት አይቻልም። የዱቄቱንም ሙቀት በቀትር አይለኩት፤ ቤቱ ራሱ በጋለበት ሰዓት ዱቄቱ ሞቀ ቢባል ምንም አይነግረንም። በማለዳ፣ መፍጫው ገና ሥራ ሲጀምር ይዳስሱት።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ችግሩ ካለ፣ ቀጥሎ ያለው የኪሎ ሂሳብ ነው። ብዙ ሰው ስንት ዓመት ሠራ ብሎ ይጠይቃል፤ ጥርስ የሚያረጀው ግን በፈጨው ኪሎ ነው። 64 ሚሊሜትር ለሆነ ተራ የብረት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ዕድሜ ከ300 እስከ 600 ኪሎ ባለው ውስጥ ነው። በቀን አንድ ኪሎ ተኩል ማለት በወር 45 ኪሎ፣ በዓመት ደግሞ 540 ኪሎ ገደማ ነው። የእርስዎ መፍጫ ቀድሞ በሌላ ሰው ቤት የሠራውን ትተን፣ እርስዎ ዘንድ ብቻ ከ1000 ኪሎ በላይ ፈጭቷል። በእኔ ግምት ያ ጥርስ ጊዜውን ከጨረሰ ቆይቷል።

አሁን ወደ መፍታቱ እንሂድ። ሶኬቱን ይንቀሉት፤ ማጥፊያውን መዝጋት ብቻ አይበቃም። የፍሬ ማስቀመጫውን ባዶ አድርገው ያንሱት። ማስተካከያው ያለበትን ቦታ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ የማስተካከያውን ቀለበት ወደ ሻካራው አቅጣጫ እያዞሩ እስኪወጣ ድረስ ይፍቱት። በአንዳንድ ሥሪት ከቀለበቱ ሥር ትንንሽ ሞላዎች ስላሉ እንዳይጠፉብዎት ነጭ ጨርቅ ላይ ይሥሩ። ከቀለበቱ ጋር የሚወጣው የማይዞረው የላይኛው ጥርስ ነው፤ ታች የሚቀረው ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ነው። ሁለቱንም በደረቅ ብሩሽ ብቻ ያጽዱ፣ ውሃ አያስነኩ፣ ይዝጋልና።

ጥርሱን ሲያዩ ዓይንዎ መጀመሪያ የሚያርፈው መካከል አካባቢ ባሉት ትልልቅ ጥርሶች ላይ ነው፤ እነሱ ፍሬውን ገና የሚሰባብሩ ስለሆኑ ሁልጊዜ ደህና መስለው ይታያሉ፣ ያሳስታሉም። መመርመር ያለበት የውጭው ዳር ነው፤ ዱቄቱን የሚያልሙት እዚያ ዙሪያውን የተደረደሩት ጥቃቅን ጥርሶች ናቸው። ወደ መስኮት ይቅረቡና ጥርሱን በብርሃኑ ላይ ቀስ አድርገው ያዘንብሉት። ስለት ያለው ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፤ የደነዘ ጠርዝ ግን ጫፉ ስለጠፈጠፈ በቀጭን ነጭ መስመር ያብለጨልጫል። ቀጥሎ የአውራ ጣትዎን ጥፍር በጠርዙ ላይ አግድም በጣም በቀስታ ይሳቡት። አዲስ ጥርስ ጥፍሩን ይይዘዋል፣ ነጭ ፍቅፋቂም ያነሳል። ያለቀው ሳይዝ ሸርተት ብሎ ያልፋል። ይህን በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ይሞክሩት፣ አንዳንዴ በአንድ ወገን ብቻ ያልቃልና።

ኮምጣጣውና መራራው በአንድ ስኒ የመገናኘታቸው ምክንያትም ይኸው ነው። ስለት ያለው ጥርስ ፍሬውን ይቆርጣል፤ የደነዘው ይጨፈልቀዋል። ሲጨፈለቅ እጅግ የላመ ብናኝና ያልተፈጨ ሻካራ ክፋይ በአንድ ላይ ይወጣሉ። ውሃው ከብናኙ መራራውን ጭምር አሟጦ ያወጣል፣ ሻካራውን ግን ላይ ላዩን አርሶት ያልፋል። እርስዎ ይበልጥ እንዲልም ባጠበቡት ቁጥር ብናኙ ይበዛል፣ ሻካራው ግን አይጠፋም። ስለዚህ ማስተካከያውን ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሶኬቱ እንደተነቀለ የታችኛውን ጥርስ ተሸካሚ በሁለት ጣት ይዘው ወደ ጎን ያነቃንቁት። የሚላላ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል፤ እሱ ሳይቀየር አዲስ ጥርስ ማስገባት አዲሱን ማበላሸት ነው።

መልስ፦ ደቻቱ ማዶ (ድሬዳዋ)

እህቴ፣ እኔ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ፤ ሙያውን የተማርኩትም እዚሁ ድሬ ከምድር ባቡር ጋራዥ ሰዎች ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከተማችን ከደረሰ ጀምሮ የብረት ሥራ እውቀት እዚህ አልጠፋም፤ ከአንድ ቁራጭ ብረት የማናወጣው ነገር ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የቡና መፍጫ ጥርስ ሞርዱልኝ ብለሽ ብትመጪ እኔ አልቀበልሽም፤ ምክንያቱን በዝርዝር ልንገርሽ።

ሰው ይህን ሐሳብ የሚያመጣው የእህል ወፍጮ ድንጋይ ሲወቀር እያየ ስላደገ ነው። ድንጋዩ ሲልግ ይወቀራል፣ ይሻክራል፣ ሥራውን ይቀጥላል። የቡና መፍጫ ጥርስ ግን የሚሠራው በመሻከሩ ሳይሆን እያንዳንዱ ትንሽ ጥርስ በተወሰነ ማዕዘን ተዳፋት ሆኖ በስለት ስለሚጨርስ ነው። ፊቱን በመሞረጃ ድንጋይ ብታስደልዱት የጥርሶቹ ጫፍ ይበልጥ ይጠፈጥፋል፣ ሰርጣቸውም ይጎድላል፤ ሲታይ ያበራል፣ ሲፈጭ ግን ከቀድሞው ይብሳል። በትክክል መሞረድ ማለት የእያንዳንዱን ጥርስ ተዳፋት፣ አንድ በአንድ፣ በእኩል ጥልቀት፣ ለዚሁ በተሠራ ማሽን መቁረጥ ነው። ይህን የሚሠሩ ድርጅቶች በውጭ አገር አሉ፤ በተራ ቶርኖ ግን አይሞከርም።

ሌላው ጉዳይ ብረቱ በሙቀት የጠነከረ መሆኑ ነው። በቶርኖ ቢላዋ ብትነኪው ቢላዋው ነው የሚሰበረው። በግራይንደር ቢነካ ደግሞ ይግላል፤ የጋለ ብረት ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ጥንካሬው ለቆታል ማለት ነው። እንዲህ የሆነ ጥርስ ለጥቂት ቀናት የተሻሻለ ቢመስልም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይደነዝዛል። ስለዚህ የመሞረጃውን ገንዘብ ለአዲሱ ጥርስ ጨምሪበት።

አዲሱን ስታዝዢ የመፍጫውን ስም ብቻ መናገር አይበቃም። በካሊፐር የውጭውን ስፋት፣ የመካከለኛውን ቀዳዳ ስፋትና ውፍረቱን ለኪ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹን ቁጥርና እርስ በርሳቸው ያላቸውን ርቀትም ጻፊ። ከሁሉ በላይ የሚዞርበትን አቅጣጫ ለይተሽ ንገሪ፤ ተመሳሳይ ስፋት ኖሮት ወደ ቀኝም ወደ ግራም ለሚዞር መፍጫ የሚሠራ ጥርስ አለ፣ ሁለቱ ሲተያዩ ካልሆነ በቀር ልዩነታቸው አይታወቅም። ታይዋን ገበያም ፈልጊ፣ አዲስ አበባም እዘዢ፣ ከመክፈልሽ በፊት አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አስቀምጠሽ ወይም ፎቶውን አስልከሽ ተዳፋታቸው ወደ አንድ ወገን መሆኑን እዪ። ደግሞም ሁልጊዜ የላይኛውንና የታችኛውን ጥንድ አድርገሽ ቀይሪ፤ አንዱን አዲስ፣ ሌላውን አሮጌ ማድረግ ገንዘብ ማባከን ነው።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ መፍጫሽ ባለ ሦስት ፌዝ ነው ወይስ ባለ አንድ? ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነና በቅርቡ የመብራት መስመር ከተቀየረልሽ፣ ሁለት ሽቦ ተለዋውጦ ሞተሩ ወደ ኋላ እየዞረ ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ የሚዞር ጥርስ ፍሬውን በጀርባው ስለሚገፋ ዱቄቱ ዘግይቶና ሞቆ ይወጣል፤ ያለቀ ጥርስም ያስመስለዋል። አካሉ ላይ የተሳለውን ቀስት አይተሽ አረጋግጪ።

ጠያቂ፦ የከዚራ እህት

ጋሼም፣ ወንድሜም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መፍጫው ባለ አንድ ፌዝ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠርቼ ከሰዓት በኋላ እየፈጨ ሳለ አስለካሁት፤ ከ210 ቮልት በታች አልወረደም። ሞተሩ ሲነሳ አያመነታም፣ ባዶውን ሲዞርም ድምፁ ንጹህ ነው። በማለዳ፣ በአዲስ ቡና፣ 7 ግራም እየመዘንኩ ያወጣኋቸው ስኒዎች አሁንም እርስ በርሳቸው አይገናኙም።

ስለዚህ ፈታሁት። የላይኛው ጥርስ የውጭ ዳር በተባለው ነጭ መስመር ዙሪያውን ያብለጨልጫል፣ ጥፍሬንም አልያዘም። በዚያ ላይ በአንድ ወገን ሁለት ጥቃቅን ጥርሶች ጫፋቸው ተሸርፏል፤ ከእነሱ ትይዩ በታችኛው ላይም እንዲሁ የተሸረፈ አለ። ኩሽኔታው አይነቃነቅም።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። የታችኛውን ጥርስ ከያዙት ሦስት ብሎኖች አንዱ አልፈታ ብሎኛል፤ ካቻቪቴው መንሸራተት ስለጀመረ ይበልጥ እንዳይበላሽ ትቼዋለሁ። ሁለተኛ፣ ቡናው በሴቶች እጅ ተለቅሞ የሚመጣ ሆኖ ሳለ ጥርሱን ምን ሊሸርፈው ቻለ?

መልስ፦ ቡና ቆዪዋ (ሐረር፣ ሸዋ በር)

የሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ፣ እህቴ። የሸረፈው ድንጋይ ነው ብዬ ለመናገር አላመነታም። የሐረር ቡና እንደ ታጠበ ቡና አይደለም፤ ከነልብሱ ፀሐይ ላይ ደርቆ ጀንፈል ከሆነ በኋላ ነው የሚፈለፈለው። አልጋ ላይ የደረቀው ንጹህ ይሆናል፤ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ የተሰጣው ግን ሲሰበሰብ ጠጠር ይዞ ይነሳል። ያ ጠጠር ከጥሬው ቡና ጋር በመጠንም በቀለምም ይመሳሰላል፤ የቱንም ያህል ጎበዝ ለቃሚ ቢሆን በጥሬው ሲለቅም አንዳንዱ ያመልጠዋል።

ስለዚህ ከመቁላት በፊት የሚደረገው ለቀማ እንዳለ ሆኖ፣ ከተቆላ በኋላ ሁለተኛ ለቀማ ያስፈልጋል፤ እንዲያውም የሚቀለው ይኸኛው ነው። ቡና ሲቆላ ይነፋል፣ ክብደቱም ይቀንሳል፤ ድንጋዩ ግን እንዳለ ይቀራል። በሰፌድ ሲንጓለል ቀላሉ ፍሬ ወደ ላይ ይነሳል፣ ጠጠሩ ከሥር ይቀራል። ቀለሙም ይለያል፤ ፍሬው ሲጠቁር ጠጠሩ ገርጥቶ ይታያል። እኔ ከዚህ ሌላ የማደርገው የተቆላውን ቡና በብረት ትሪ ላይ ከፍ አድርጌ በቀጭኑ ማፍሰስ ነው። የቡና ፍሬ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ደረቅና ለስላሳ ነው፤ ድንጋይ ሲወድቅ ግን ትሪውን ቃጭ ያደርገዋል። ጆሮ ከለመደው አንዷን ጠጠር በኪሎ ቡና ውስጥ ይለያታል።

ከጆንያ የሚገባ የሽቦ ቁራጭና ምስማርም አለ። ለዚህ ጠንካራ ማግኔት በፍሬው ውስጥ ማመላለስ ይበቃል። ቡናሽን የሚቆላልሽ ሰው ከቆላ በኋላ ያንጓልል እንደሆነ ጠይቂው፤ የማያንጓልል ከሆነ አዲሱን ጥርስ ከማስገባትሽ በፊት ይህን ብታስተካክዪ ይሻላል። ደህና የነበረ ጥርስ በአንዲት ጠጠር በአንድ ጠዋት ሲበላሽ አይቻለሁ።

መልስ፦ መኪና ግርግር (ሐረር)

እህታችን የተናገረችው ትክክል ነው፤ ከሐረርም ከድሬዳዋም ወደ እኔ የሚመጡ የተሸረፉ ጥርሶች ሰበባቸው ይኸው ነው። እኔ ስለ ብሎኑና ስለ አገጣጠሙ ልናገር።

የማይፈታውን ብሎን በጉልበት አይታገሉት። በብሎኑ ራስና ዙሪያ የጠነከረውን የቡና ቅባትና ዱቄት በመርፌ ፈልፍለው ያውጡ፤ ብዙ ጊዜ ካቻቪቴው የሚንሸራተተው ጫፉ እስከ ታች ስላልገባ ነው። ከብሎኑ ራስ ጋር በልክ የሚገጥም ካቻቪቴ ይምረጡ፣ የሰፋም የጠበበም አይሁን። ከዚያ የጋለ የብየዳ ካውያ በብሎኑ ራስ ላይ ለጥቂት ጊዜ ያሳርፉና ሞቆ ሳለ ይሞክሩት። የታችኛውን ተሸካሚ ሌላ ሰው በወፍራም ጨርቅ ጨብጦ ይያዝልዎት። በመዶሻ አይምቱ፤ ምቱ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ኩሽኔታ ይወርዳል። ዘይት መጨመር የግድ ከሆነ በኋላ በአልኮል ተጠርጎ ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት፣ ምግብ የሚነካ ዕቃ ነውና። አዲሱን ሲያስገቡ ብሎኖቹንም አዲስ ያድርጓቸው፤ ዋጋቸው እዚህ ግቡ የሚባል አይደለም።

ጥርሱ ሲወጣ ከሥሩ ባለው መቀመጫ ላይ የተጋገረ የቡና ቅርፊት ያገኛሉ። ትዕግሥት የሚፈልገው ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ ሰዎች በብዛት ችላ ብለው የሚያልፉትም ይህንኑ ነው። ሁለቱ ጥርሶች በሥራ ላይ ሳሉ የሚራራቁት እጅግ በትንሹ፣ ከሚሊሜትር ክፍልፋይ ባልበለጠ ነው። በአንድ ወገን ሥር ወረቀት የሚያህል ቅርፊት ከቀረ ጥርሱ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ በአንዱ ወገን የላመ፣ በሌላው ሻካራ ይፈጫል። አዲስ ጥርስ ገዝተው ያው የቀድሞው ችግር ይቀጥልብዎታል ማለት ነው። መቀመጫውን በእንጨት ጫፍና በደረቅ ብሩሽ ያጽዱ፣ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ፣ በመጨረሻም ጣትዎን ዙሪያውን አዙረው አንዲት ጉብታ እንኳ እንደሌለች ይዳስሱ። የአዲሱንም ጥርስ ጀርባ እንዲሁ ያድርጉ፤ ከፋብሪካ ዘይት ተቀብቶ ስለሚመጣ መጠረግ አለበት።

ሦስቱን ብሎኖች መጀመሪያ በእጅ ብቻ ያስገቧቸው። ቀጥሎ አንዱን ትንሽ፣ ሁለተኛውን ትንሽ፣ ሦስተኛውን ትንሽ እያሉ በየተራ ያጥብቁ፤ አንዱን ጨርሰው አጥብቀው ወደ ሌላው ከሄዱ ጥርሱ ያዘነብላል።

የማስተካከያውን ቀለበት ሲመልሱ ጥምዙን (እንደ ብሎን የተጠመዘዘውን ሰርጥ) በደረቅ ብሩሽ ያጽዱት፤ እዚያ የተረፈ ዱቄት ቀለበቱን ያጣብቀዋል። ቀለበቱን ካስቀመጡ በኋላ ወዲያው ወደ ማጥበቂያው አያዙሩ። መጀመሪያ ወደ ተቃራኒው በቀስታ ያዙሩት፤ ጥምዙ ከጥምዙ ሲገናኝ ጠቅ ብሎ ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ወደ ማጥበቂያው በሁለት ጣት ኃይል ብቻ መሄድ አለበት። ከከበደ መልሰው ይጀምሩ፤ ተንጋዶ የገባ ጥምዝ ከተበላ የሚጠፋው መፍጫው በሙሉ ነው።

በመጨረሻ መነሻውን ይፈልጉ። ሶኬቱ እንደተነቀለ፣ የታችኛውን ጥርስ በመካከለኛው ቀዳዳ በኩል በእንጨት ቀስ እያደረጉ እያዞሩ፣ በሌላው እጅዎ ቀለበቱን በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ። ብረት ከብረት ሲነካ በጆሮዎ የሚሰሙት ስስ ፍቅፍቅታ አለ፤ ያ ነጥብ መነሻ ነው። እዚያ ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ከዚያ ወደ ሻካራው በደንብ ይመልሱት፣ ሶኬቱንም የሚሰኩት ከዚህ በኋላ ነው። በአሮጌው ጥርስ ይሠሩበት የነበረውን ቁጥር ይርሱት፤ በዚያ ቁጥር ቢያስነሱት አዲሶቹ ጥርሶች እርስ በርሳቸው ይበላላሉ።

መልስ፦ ሳቢያን

ካነበብኩት ሁሉ የምጨምረው ጥቂት ነው። አዲስ ጥርስ ገጥሞ መቀመጡን ለማወቅ ጠርዙን በነጭ ሰሌዳ መጻፊያ ቀለም ቀብቶ፣ መነሻው ነጥብ ላይ በእጅ አንድ ዙር ማዞር ጥሩ ዘዴ ነው። ቀለሙ ዙሪያውን እኩል ከተነሳ ደህና ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተነሳ ዘንበል ብሏል። ሲጨርሱ ቀለሙ በአልኮል ይነሳል።

ጥያቄም አለኝ። አዲስ ጥርስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጥሬ ሩዝ ይታሽ የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ መኪና ግርግር (ሐረር)

የቀለሙ ዘዴ ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ሩዙን ግን አልመክርም። ጥሬ ሩዝ ከተቆላ ቡና ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ሞተሩን ያስጨንቃል፣ የሚተወውም የስታርች ዱቄት በየቀዳዳው ይገባል። እንዳይጠቀሙበት የሚያስጠነቅቁ አምራቾችም አሉ። ጥርስ የሚለማመደው በራሱ በቡና ነው፤ ለመጠጥ የማይሆን ያረጀ የተቆላ ቡና ካለ ሁለት ሦስት ኪሎ በእሱ ማስፈጨት ይበቃል።

ጠያቂ፦ የከዚራ እህት

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አድርጌዋለሁ። ብሎኑ በካውያው ሙቀት ተፈታ። ጥንዱን ጥርስ ከአሮጌው ጋር አስተያይቼ ነው የተቀበልኩት፤ መቀመጫውን ሳጸዳ ያወጣሁት የተጋገረ ቡና ሊታመን የሚችል አልነበረም። የሚቆላልኝም ሰው ከእንግዲህ ከቆላ በኋላ አንጓልሎ ሊሰጠኝ ተስማምቷል።

አሁን ዱቄቱ ሳይጓጎል፣ ሳይሞቅ ይወርዳል፣ መፍጫውም ለአንድ ስኒ የሚወስደው ጊዜ አጥሯል። ማስተካከያውን ግን ከቀድሞው እጅግ ወደ ሻካራው መመለስ ነበረብኝ፤ ቡናው በ25 እና በ30 ሰከንድ መካከል እየወረደልኝ ያለው እዚያ ላይ ነው። ይህን ያህል መራቁ ትክክል ነው? ደግሞስ ሁለተኛ መነካት ይኖርበታል?

መልስ፦ መኪና ግርግር (ሐረር)

ትክክል ነው፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ስለት ያለው ጥርስ ቡናውን ለማላም መጠጋጋት አያስፈልገውም፤ መራቁ ራሱ አሮጌው ማለቁን የሚያረጋግጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎዎች ስኒው ትንሽ ይለዋወጥብዎታል፣ ማስተካከያውንም በጥቂቱ መንካት ይኖርብዎታል፤ ከዚያ በኋላ ይረጋል። ከረጋ በኋላ ያለበትን ቦታ ከመነሻው ምልክት ስንት እርከን እንደሚርቅ ይጻፉት። ያ ርቀት በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየጠበበ ሲሄድ የጥርሱን ማለቅ ከደንበኛ ቅሬታ በፊት ይነግርዎታል።

አሮጌዎቹን ጥርሶች አይጣሏቸው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለማዘዝ መለኪያ ይሆኑዎታል። አዲሶቹ የገቡበትን ቀን በወረቀት ጽፈው ከፍሬ ማስቀመጫው ክዳን ላይ ይለጥፉ። አሁን በሚሠሩበት መጠን 400 ኪሎ የሚሞላው ከዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ፈተው በጥፍርና በመስኮት ብርሃን ይመርምሯቸው።